ምዕራፍ 7፦ የጭሱ ቀለምና የጭሱ ሰዓት

ናፍጣ የሚጠጣ መኪና ያለው ሰው ከጭስ ጋር ሳይተዋወቅ አይኖርም። ዳገት ሲወጣ ጥቁር ደመና የሚያስከትል የጭነት መኪና፣ በብርድ ጠዋት ግቢውን በነጭ ጭስ የሚሞላ ፒክአፕ፣ ከትራፊክ መብራት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ የሚለቅ ሚኒባስ ሁላችንም አይተናል። ባለቤቱ የሚሰማው ፍርድ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሞተሩ አልቋል፤ መውረድ አለበት።» ሞተር ማውረድ ማለት ሞተሩን ከመኪናው አውጥቶ መፈታታት፣ ያለቀውን ቀይሮ መልሶ መግጠም ነው። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ መኪናው ያለ ሥራ የሚቆምበት ቀንም ቀላል አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ፍርዱ ልክ ነው። ሌላ ጊዜ ግን ጥፋቱ በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም አንድ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ጭስ በሚገባ ሳይቃጠል ያመለጠ ነገር ነው። ቀለሙ ምን እንዳመለጠ ይነግረናል፤ የሚወጣበት ሰዓት ደግሞ ከየት እንዳመለጠ። ቀለሙን ሁሉም ሰው ያያል። ሰዓቱን ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው፤ ምርመራው መንገድ የሚስተውም እዚህ ላይ ነው።

አንዲት የናፍጣ ጠብታ ምን ትፈልጋለች?

በምዕራፍ 3 እንዳየነው የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይቀጣጠልም። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመን አውግስቡርግ ከተማ በተሳካ ሁኔታ ያሠራው ሞተር ሥራውን የሚጀምረው አየርን አጥብቆ በመጭመቅ ነው። ዛሬም የናፍጣ ሞተሮች አየሩን ከመጀመሪያ ይዘቱ ከ14 እስከ 22 ጊዜ ያህል አሳንሰው ይጨምቁታል። እንዲህ የተጨመቀ አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። ናፍጣ በዚያ ግለት ውስጥ ሲረጭ እሳት የሚለኩስለት ሳያስፈልግ በራሱ ይነዳል።

ጊዜው ግን እጅግ አጭር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 1,000 ጊዜ፣ በሰከንድ ደግሞ 17 ጊዜ ያህል ይተኩሳል። ናፍጣው የሚረጨው አንድ ሰከንድ ለሺህ ቢከፈል ከክፋዮቹ በአንዱ ወይም በሁለቱ ውስጥ ነው። በምዕራፍ 5 ፖምፓውና ኖዝሉ ለምን ያን ያህል ግፊት እንደሚፈጥሩ ያየነው ለዚህ ነው። በቀድሞዎቹ ሞተሮች ግፊቱ መቶና ሁለት መቶ ባር ሲሆን በአዲሶቹ ከ1,600 ባር ያልፋል፤ አንድ ባር በባሕር ጠረፍ ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር ይቀራረባል። ግፊቱ ያስፈለገው ናፍጣው እንደ ጉም ደቅቆ እንዲገባ ነው፤ ወፍራም ጠብታ ነድዶ ለመጨረስ ጊዜ አይበቃውምና።

እንግዲህ ጠብታዋ የምትፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ በቂ አየር፣ በቂ ሙቀት፣ በትክክለኛው ቅጽበት ደቅቆ መረጨት። ሦስቱ ሲሟሉ በማርሚታው በኩል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የውሃ ተን፣ ናይትሮጂንና የተረፈ ኦክስጅን ነው። አንዳቸውም ለዓይን አይታዩም። የሞቀ ጤናማ ሞተር የጭስ ማውጫ ባዶ የሚመስለውም ስለዚህ ነው። የሚታይ ነገር ከወጣ ከሦስቱ አንዱ ጎድሏል፣ ወይም የማይገባ ነገር ገብቷል።

ከምድጃው እንማር

ይህን የሚያውቅ ሰው በየቤቱ አለ። እርጥብ እንጨት ምድጃ ውስጥ ሲገባ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ይወጣል። ከእንጨቱ የተነነው ነገር ሳይነድ አመለጠ፤ እሳቱ እሱን የሚያነድ ሙቀት አልነበረውም። እንጨቱ ተጠቅጥቆ ምድጃው አየር ሲያጣ ደግሞ ነበልባሉ ይጠቁራል፣ የድስቱ ቂጥ ጥላሸት ይለብሳል። እዚህ ሙቀቱ አለ፤ የጎደለው አየር ነው። ቅቤ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ የሚከረፋ ጭስ ይነሳል። እሳቱም አየሩም ደህና ነው፤ ማገዶ ያልሆነ ነገር ግን እሳት ውስጥ ገብቷል።

የናፍጣ ሞተር ሦስት ጭሶችም እነዚሁ ናቸው። ጥቁሩ የአየር ማነስ፣ ነጩ የሙቀት ማነስ፣ ሰማያዊው የማይገባ ዘይት ነው። ባለሙያዋ እመቤት ጭሱን አይታ ምድጃውን አታፈርስም። ማገዶ ትቀንሳለች፣ ታራግባለች ወይም የሚንጠባጠበውን ታነሳለች። ሞተርም የሚገባው ይኸው ትዕግሥት ነው።

ጥቁር ጭስ፦ አየር ያጠረው ናፍጣ

ጥቁሩ ነገር ጥላሸት ነው፤ ማለትም ከናፍጣው ውስጥ ሳይነድ የቀረ ደቃቅ ካርቦን። አንድ ኪሎ ናፍጣ ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.5 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። በዚያች አጭር ቅጽበት ናፍጣና አየር እኩል ሊዳረሱ ስለማይችሉ ሞተሩ ከዚህም በላይ ትርፍ አየር ያስፈልገዋል። ያ ትርፍ ሲጠብ ጥላሸቱ ይመጣል። የሚጠበውም በሁለት መንገድ ነው፤ አየሩ ሲያንስ ወይም ናፍጣው ሲበዛ።

አየር የሚያሳንሰው የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የአየር ፊልትሮ ነው። በአቧራማ መንገድ የሚውል መኪና ፊልትሮው የመኪናው መጽሐፍ ከሚለው ቀን ቀድሞ ይታፈናል። ቀጥሎ የቱርቦው ወገን አለ። ቱርቦ በሚወጣው ጭስ ግፊት የሚሽከረከርና ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ማራገቢያ ነው። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ከተሰነጠቀ ወይም ማሰሪያው ከላላ አየሩ መንገድ ላይ ያመልጣል፤ ነዳጅ ሲረገጥ የፉጨት ድምፅ ይሰማል፣ መኪናው ጉልበት ያጣል፣ ጥቁር ጭስ ይከተላል። ብዙዎቹ አዳዲስ ሞተሮች ደግሞ ከጭሱ ጥቂቱን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ቫልቭ አላቸው። ቫልቩ በጥላሸት ተጣብቆ ክፍት ከቀረ ሞተሩ በንጹሕ አየር ፈንታ የራሱን ጭስ ይስባል።

ናፍጣ የሚያበዛው ደግሞ ያረጀ ኖዝል፣ ጉልበት ይጨምራል ተብሎ ከልክ በላይ የተከፈተ ፖምፓ ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ጭነት ነው። ዳገት ላይ ማርሽ ሳይቀንሱ ነዳጅ መርገጥም ያው ነው፤ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ብዙ ናፍጣ ይቀበላል።

የአገራችን መልክዓ ምድር ለዚህ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። የጭነት መኪና ከጅቡቲ ወደብ ሲነሳ በባሕር ወለል ላይ ነው። አዳማ ሲደርስ 1,700 ሜትር ያህል ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ሲገባ ከ2,300 ሜትር አልፏል። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እንግዲህ በእያንዳንዱ ስበት ወደ ሩብ የሚጠጋ ኦክስጅን ይጎድልበታል። ፖምፓው ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ግን የሚረጨው ናፍጣ ያው ነው። ስለዚህ ሚሌ ላይ ንጹሕ የነበረው መኪና ወደ ደጋው ሲወጣ ይጠቁራል። ኖዝሉም ፖምፓውም ጠዋት የነበሩት ናቸው፤ የተለወጠው አየሩ ነው።

ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ደጋ የሚውለውን ቱርቦ አልባ መኪና ፖምፓውን ጥቂት ይቀንስለታል። ከጉልበቱ ጥቂት ይነካል፤ ናፍጣ ግን ይቆጥባል፣ ጭሱም ይጠፋል። ቱርቦ ያለው መኪና ከፍታውን አብዛኛውን ይቋቋማል፤ እሱ ደጋ ላይ ብቻ ከጠቆረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቱርቦውና ቱቦዎቹ ናቸው። በኮምፒውተር የሚመሩት አዳዲስ ሞተሮች አየሩን እየለኩ ናፍጣውን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

አሁን ሰዓቱን እንይ። ቱርቦ ያለው ቀደም ያለ መኪና ነዳጅ ድንገት ሲረገጥ ትንሽ ጠቁሮ ወዲያው ከጠራ ጤናማ ነው፤ ቱርቦው ፍጥነት እስኪይዝ ናፍጣው ቀድሞ ገብቷል። ጭነት ሲኖር ብቻ፣ ዳገቱ እስኪያልቅ ከጠቆረ የአየሩን መንገድ ይፈትሹ። ያለ ጭነት ቆሞ ሲሠራም የሚጠቁር ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ኖዝሎቹ ያዘነብላል።

ነጭ ጭስ፦ ሙቀት ያጠረው ናፍጣ፣ ወይም ውሃ

ነጭ ጭስ ሁለት ዓይነት ነው፤ እነሱን መለየት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የመጀመሪያው ያልነደደ ናፍጣ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውጭ ያደረ ሞተር ብረቱ ቀዝቅዟል። የተጨመቀው አየር ሙቀቱን ለቀዝቃዛው ግድግዳ ይሰጣል፤ ናፍጣው ይተናል እንጂ አይነድም። ይህን ለመርዳት ብዙ ሞተሮች ከመነሳታቸው በፊት የሚግሉ ማሞቂያዎች በየሲሊንደሩ ተገጥመውላቸዋል። አንዱ ከተቃጠለ የዚያ ሲሊንደር ናፍጣ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠራል። እንዲህ ያለው ጭስ ጠዋት ብቻ የሚታይ ስለሆነ መኪናው ከሰዓት በኋላ ወደ ጋራዥ ሲመጣ ምንም አይገኝበትም። ባለቤቱ ሰዓቱን ካልነገረ መካኒኩ ማወቂያ የለውም።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጩ ካልቆመ ነገሩ ከበድ ይላል። አንድ ሲሊንደር አየሩን በሚገባ አይጨምቅ ይሆናል፤ ናፍጣው ከቅጽበቱ ዘግይቶ ይረጭ ይሆናል፤ አንድ ኖዝል ተጣብቆ ያንጠባጥብ ይሆናል። ናፍጣው ውስጥ ውሃ መግባቱም ይህን ያመጣል። ብዙ የናፍጣ ፊልትሮዎች ከሥራቸው የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰሻ አላቸው፤ እሱን ከፍቶ ማየት ምንም አያስወጣም።

ሁለተኛው ነጭ የውሃ እንፋሎት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይፈጠራል። ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው ሳይታይ ይወጣል፤ በብርድ ጠዋት ግን ከጭስ ማውጫው እንደወጣ ጉም ይሆናል። ይህ ጤና ነው፤ ማርሚታው ሲሞቅ ይጠፋል። የሚያሰጋው የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሲሊንደር ሲገባ ነው። በሞተሩ አካልና ከላይ በሚከድነው ቴስታታ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ወይም ቴስታታው ሲሰነጠቅ ይህ ይሆናል።

እንዴት እንለያቸው? ያልነደደ ናፍጣ ይሸታል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ከመሬት ሳይርቅ ይንሳፈፋል። እንፋሎት ዓይን አያቃጥልም፤ ጥቂት ሜትር ሄዶ አየሩ ውስጥ ይጠፋል፤ ራዲያተሩ ውስጥ የበረዶ መከላከያ ፈሳሽ ካለ ደግሞ ጣፋጭነት ያለው ሽታ ይኖረዋል። ማስረጃው ግን ከጭሱ ውጭም አለ። ወደ ውጭ የሚፈስ ነገር ሳይኖር የራዲያተሩ ውሃ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ሲሠራ ውሃው ውስጥ አረፋ ይወጣል፤ የሞተሩ ዘይት ገርጥቶ ይወፍራል። የራዲያተሩ ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ የጋለ ውሃ ፊት ላይ ይፈነዳል። እነዚህ ምልክቶች ከታዩ መኪናውን መንዳት ይቁም። ውሃ እንደ አየር አይጨመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ከተጠራቀመ ብረት ያጣምማል፣ በአንድ ጓርኒሲዮን ሊያልቅ የነበረው ወጪም ወደ ሙሉ ሞተር ያድጋል።

ሰማያዊ ጭስ፦ ማገዶ ያልሆነው ዘይት

የሞተር ዘይት ሥራው ማለስለስ ነው። ወደ እሳቱ ክፍል ከገባ ግን ይቃጠላል፤ ያኔ «ሞተሩ ዘይት ይበላል» እንላለን። የሚገባባቸው በሮች አራት ናቸው። ከታች፣ በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ፋሻዎች ወይም ሪንጎች ሲያልቁ። ከላይ፣ በቫልቮቹ ዘንግ ላይ ያሉት ጎሚኒዎች ሲደርቁ። ከጎን፣ የቱርቦው ማሸጊያ ሲለቅ። አራተኛው በር ደግሞ ዘይቱ ከልክ በላይ ሲሞላ ወይም የሞተሩ መተንፈሻ ሲደፈን የሚከፈት ነው። የመጨረሻው በነጻ ይስተካከላል፤ የመጀመሪያው ሞተር ያስወርዳል። ቀለሙ ግን በአራቱም አንድ ነው። ስለዚህ ከሌሎቹ ጭሶች ይልቅ ሰማያዊው ሰዓቱን ይጠይቃል።

የአባይ በረሃን መንገድ ያስቡ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ፣ ነዳጅ ሳይረግጥ፣ በሞተር እየያዘ ይወርዳል። በዚህ ረጅም ጊዜ ቱርቦው ግፊት የለውም፤ ማሸጊያው የደከመ ከሆነ ዘይት እየሾለከ ይጠራቀማል። በላላ የቫልቭ ጎሚኒም እንዲሁ። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ዳገቱን ሲጀምር የተጠራቀመው በአንዴ ይነዳል፤ ሰማያዊ ደመና ይነሳል፣ ጥቂት ቆይቶ ይጠራል። ይህን ያየ ሰው ፋሻ ከመጠርጠሩ በፊት ቱርቦውንና ጎሚኒዎቹን ያስፈትሽ። ጭሱ ግን ዳገቱን ሁሉ የማይለቅ፣ ጭነት ሲጨምር የሚብስ ከሆነ ጣቱ ወደ ፋሻዎቹና ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይጠቁማል። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ለአፍታ ሰማያዊ የሚሆነው ደግሞ ሌሊቱን በጎሚኒዎቹ በኩል የተንጠባጠበ ዘይት ነው።

እዚህም ርካሹ ምክንያት ከውዱ ጀርባ ሊደበቅ ይችላል። የአየር ፊልትሮው ሲታፈን ቱርቦው አየር አጥቶ አጥብቆ ይስባል፤ ዘይቱንም በማሸጊያው አሳልፎ ይጎትታል። ዘይት ከቱርቦው ወደ ታች የሚመለስበት ቱቦ ሲደፈንም ዘይቱ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ሁለቱን ሳያዩ ቱርቦ የቀየሩ ሰዎች አዲሱም ሲጨስ አግኝተውታል።

የፋሻዎቹን ጤና ለመገመት ሞተሩ ሳይረገጥ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ቀስ ብሎ መክፈት ይቻላል። ጥቂት ተን መታየቱ ያለ ነው። እየደጋገመ በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ የእሳቱ ጋዝ በፋሻዎቹ አልፎ ወደ ታች እየወረደ ነው።

አንድ አደጋ ሳይነገር አይታለፍም። ብዙ ዘይት ወደ አየር መግቢያው ከገባ የናፍጣ ሞተር ዘይቱን እንደ ነዳጅ ሊጠቀም ይችላል። ያኔ ቁልፉ ቢዘጋ የሚቆመው ናፍጣው ነው፤ ዘይቱ አይቆምም። ሞተሩ ከቁጥጥር ውጭ እየጮኸ ይፈጥናል። በእጅ ማርሽ የሚሄድ መኪና ከሆነ ከባዱን ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን አጥብቆ ይዞ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ማነቅ ይቻላል። አለዚያ የአየር መግቢያውን በጠንካራ ጠፍጣፋ ነገር መዝጋት ነው፤ በእጅ ወይም በሚሳብ ጨርቅ ግን በፍጹም አይሞከርም። ይህን ማድረግ ካልተቻለ ከሞተሩ መራቅ ይሻላል።

ብዛቱ አይፈርድም

እ.ኤ.አ. በ1888 ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ማክሲሚሊየን ሪንግልማን የጭስን ጥቁረት በዓይን የሚመዝን ካርድ አዘጋጀ። በካርዱ ላይ ከ0 እስከ 5 የሚደርሱ፣ እያንዳንዳቸው በሃያ በመቶ የሚጠቁሩ ደረጃዎች አሉ። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ብርሃን በጭሱ ውስጥ አሳልፈው ምን ያህሉ እንደተጋረደ ይለካሉ። መኪናችን ለቦሎ የሚያበቃ መሆኑን ለመወሰን እንዲህ ያለ ልኬት ይጠቅማል። ጥፋቱን ለማግኘት ግን አይበቃም። በጣም የሚጠቁር መኪና ፊልትሮ ብቻ ፈልጎ ይሆናል፤ በጭንቅ የሚታይ ሰማያዊ ጭስ ያለው ደግሞ ፋሻው አልቆ ይሆናል።

ቀለሙም ቢሆን አንዳንዴ ያሳስታል። ያልነደደ ናፍጣ በፀሐይ ብርሃን ሲታይ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሲያጠራጥር ነጭ ወረቀት ከጭስ ማውጫው ጥቂት ራቅ አድርጎ ለአፍታ መያዝ ይረዳል። ደረቅ ጥቁር ዱቄት ጥላሸት ነው። ውሃ ደርቆ ምልክት አይተውም። ናፍጣ ይሸታል፣ ቀስ በቀስም ይተናል። የሞተር ዘይት ግን ቅባቱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ጥሩ ምርመራ ቅደም ተከተል አለው፤ ምንም የማያስወጣው ይቀድማል። የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ ማየት። የዘይቱን መጠን መለካት፤ ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ አንድ ኖዝል ወደ ታች እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። የራዲያተሩን ውሃ ማየት። ከናፍጣ ፊልትሮው ውሃ ማፍሰስ። የቱርቦውን ቱቦዎች በእጅ መዳሰስና ማሰሪያዎቹን ማጥበቅ። ይህ ሁሉ ያለ ልዩ መሣሪያ ይሠራል።

ቀጥሎ ጥፋተኛውን ሲሊንደር መለየት ነው። በቀድሞዎቹ ባለፖምፓ ሞተሮች ላይ መካኒኩ ሞተሩ ሳይረገጥ እየሠራ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቱቦዎች ተራ በተራ ያላላል። ናፍጣ ያጣው ሲሊንደር መሥራት ያቆማል። ጤናማው ሲቆም ሞተሩ ይንገዳገዳል። የታመመው ሲቆም ግን ድምፁ እምብዛም አይለወጥም፤ ጭሱ ግን ይቀንሳል። ከአራት ወይም ከስድስት ሲሊንደር አንዱ ተለይቶ ታወቀ ማለት ነው። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ዓይንና እጅ መከለል አለባቸው። ግፊታቸው ከ1,000 ባር በሚያልፍ አዳዲስ ሞተሮች ላይ በጭራሽ አይደረግም። እንዲያ የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ለእነሱ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ መመርመሪያ አለ።

ከዚያ ኖዝሎቹ ወጥተው በመሞከሪያ መሣሪያ ይታያሉ። በመጨረሻ የሲሊንደሮቹ የመጭመቅ አቅም ይለካል። እዚህ ላይ ደጋ የሚኖር ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የመኪናው መጽሐፍ 30 ባር ይላል እንበል፤ ቁጥሩ ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚጨመቀው አየር ገና ሲጀምር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ያው ጤናማ ሞተር 23 ባር አካባቢ ቢያሳይ አያስገርምም። መጽሐፉን ብቻ ያነበበ ሰው ደህናውን ሞተር ይፈርድበታል። ትክክለኛው ጥያቄ ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ምን ያህል ይቀራረባሉ የሚለው ነው። ሁሉም ተቀራርበው ሞተሩም በደህና ከተነሳ ደህና ናቸው። አንዱ ከሌሎቹ በብዙ ካነሰ ጥፋቱ እዚያ ነው። ሞተር ይውረድ ወይስ አይውረድ የሚለው ውይይት የሚጀመረው ከዚህ ልኬት በኋላ ነው።

ለሳንባችን ሲባል

ጭስን መመርመር የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ አስገብቶታል። ጭሱን የሚተነፍሰው ከሁሉ በፊት መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጠው፣ ታክሲ የሚጠብቀው ተማሪ፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የሚውለው ሾፌር ነው። ከጥላሸቱ ደቃቁ ለዓይን አይታይም፤ ወደ ሳንባ ጠልቆ የሚገባውም እሱ ነው።

ስለዚህ አዳዲስ መኪናዎች ጥላሸቱን የሚይዝ ማጣሪያ በጭስ ማውጫው ላይ ተገጥሞላቸዋል። በእነሱ ላይ የጭስ አለመታየት የጤና ማረጋገጫ አይደለም፤ ኖዝሉ ቢያንጠባጥብም ማጣሪያው ይሸፍንለታል። ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ ከተደፈነ መልእክቱ ያው የጭሱ መልእክት ነው። ማጣሪያውን ቆርጦ መጣል ጥፋቱን ሳይነካ መርዙን ለመንገደኛ መልቀቅ ነው። ሞተሩን ለምርመራ ስናስነሳም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሁን፤ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

ወደ ጋራዥ ይዘውት የሚሄዱት

«መኪናዬ ይጨሳል» የሚለው ቃል ለመካኒኩ ብዙ አይነግረውም። አራት ነገር አስተውለው ይሂዱ፦ ጭሱ ምን ዓይነት ቀለምና ሽታ አለው? ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ሞቆ? ሳይረገጥ ነው፣ ሲረገጥ፣ ዳገት ላይ ወይስ ከቁልቁለት በኋላ? ከዘይት፣ ከውሃና ከጉልበት የቀነሰ አለ? «ከቁልቁለት በኋላ ነዳጅ ስረግጥ ለጥቂት ጊዜ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ ይጠራል፤ ዘይት በትንሹ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ደህና ነው» የሚል ባለቤት ግማሹን ምርመራ ሠርቷል።

መካኒኩ ሞተሩ ይውረድ ካለም መጠየቅ መብትዎ ነው፦ የትኛው ሲሊንደር? ልኬቱ ስንት መጣ? ሌሎቹስ ስንት ናቸው? ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም፤ ቁጥሮቹን ያሳያል። ቁጥር ሳይኖር ሞተር አይወርድም። በሚቀጥለው ምዕራፍ እነዚህን ቁጥሮች የሚሰጡንን መለኪያዎች አንድ በአንድ እናነባለን።